እትዬ ዘሃራን ስፖርት ያሠራሁበት ክረምት

ባለፈው ወር ጉልበቴን አሞኝ ገርጂ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት አልጋ ላይ አስተኝቶኝ፣ ከቱቦ ቅባት ጨምቆ ጉልበቴን ማሸት ጀመረ። ሽታው አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ ሳቄ መጣ።

«ኮረኮርኩዎት እንዴ እማማ?» አለኝ።

«አይደለም ልጄ፤ ከረሜላ ሸተተኝ።»

ግራ ገብቶት ቱቦውን አገላብጦ አየው። ምን ብዬ ላስረዳው? ለእኔ በዚያ ሽታ ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት ከነጭቃው፣ ከነፊሽካው፣ ከነእትዬ ዘሃራ አለ።

አስር ዓመቴ ነበር። ጊዜው ደርግ ነው። የምንኖረው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም በማይርቅ፣ ወደ ገርጂ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ገርጂ ያን ጊዜ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራባት፣ ክረምት ሲገባ ጭቃዋ ጫማ የሚያስቀር አገር ነበረች። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ንግግሯን ከመሃል አቁማ፣ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያወራው። ሌላ ሰፈር ሄጄ ሰው ሳያቋርጥ ሲያወራ ስሰማ የሚያባርሩት ይመስለኝ ነበር።

ሩጫ እወድ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ የአውሮፕላኑን ጥላ ሜዳው ላይ አባርራለሁ፤ ደርሼበት አላውቅም፣ ግድም አልነበረኝም። ያን ክረምት ግን ሩጫ የሚባል ነገር አስጠላኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ሁለት ለሚከበረው የአብዮት በዓል የየቀበሌው ልጆች የሰልፍ ስፖርት ያሳያሉ ተብሎ፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ጠዋት በአንድ ሰዓት ሜዳ መገኘት ግዴታ ሆነ። የቀረ ልጅ ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ የተጻፈ ልጅ ወላጁ ቀበሌ ይጠራል። አሠልጣኛችን አጭር፣ ደረቱ የወጣ ሰው ነበር። ፊሽካውን ከአፉ ሲያወጣ ያየሁት ለመቆጣት ብቻ ነው፤ እኛ በሌለበት «ጓድ ፊሽካ» እንለዋለን።

ከመድረክ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው መፈክር ሆነን እንድንነበብ ነው የተፈለገው። ይኸኛው ቡድን አንድ ፊደል ነው፣ ያኛው ሌላ ፊደል ነው። እኔ «አብዮት» ከሚለው ውስጥ የ«ዮ» እግር ነበርኩ። ፊሽካ ሲነፋ ሁላችንም እንዘላለን፣ እንታጠፋለን፣ እጅ እናነሳለን፣ እንዞራለን። መዞሩ ላይ ነው ጉዱ። ግራ ዙር ሲባል ወደ ቀኝ እዞራለሁ፤ ቀኝ ሲባል እጠራጠርና ባለሁበት እደርቃለሁ። የዮ እግር ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል።

«ስሜት የለም!» ይላል ጓድ ፊሽካ፣ «ድጋሚ! ከአንድ!»

በእኔ ምክንያት ሁሉም ከአንድ ይጀምራል። ከኋላዬ ያሉት ልጆች በክርናቸው ይጎስሙኛል። ሳምንት ሳይሞላ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ሆዴ መገለባበጥ ጀመረ፤ ፊሽካ ሳይነፋ በፊት ያልበኛል። እናቴ ወስፋት ነው ብላ የወስፋት መድኃኒት ልታጠጣኝ ነበር።

በዚህ መሃል ነው እትዬ ዘሃራ የተጨመሩብኝ።

እትዬ ዘሃራ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጅ የሌላቸው። ከእኛ ሰፈር አንድ ፌርማታ አልፎ ፎቅ ላይ ባለ የደንብ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ሰፊ ነበሩ። የእኔ ቀሚስ ኪስ የሚያወጣው እሳቸው ሲሰፉት ብቻ ነው፤ «ኪስ የሌላት ሴት እጇን የት ታደርገዋለች?» ይላሉ። መጋቢት ውስጥ ጭቃ አንሸራቷቸው ቀኝ ጉልበታቸው ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታ እግራቸው እንደ ምርኩዛቸው ቀጥ ብሎ ቀረ፤ አልታጠፍ አለ። ሆስፒታል ስፖርት የሚያሠራው ሰው ጠዋት ሃምሳ ጊዜ፣ ማታ ሃምሳ ጊዜ እንዲያጥፉት አዘዛቸው። የሚያቃጥል ቅባትም ሰጣቸው።

«ከልምምድ ስትመለሺ በቀጥታ እትዬ ዘሃራ ጋ ትገቢያለሽ» አለች እናቴ። «ሃምሳውን ትቆጥሪያለሽ። ማታም እንደዚሁ።»

«ራሳቸው መቁጠር አይችሉም?»

«ይችላሉ። ግን ይዋሻሉ።»

ትልቅ ሰው ይዋሻል ሲባል ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ከመስቀል በፊት የስፌት ቤቱን ደረጃ ወጥተው የስፌት መኪናቸው ላይ ካልተቀመጡ ቦታቸው ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለች። «ወንድማቸው መጥቶ ደሴ ይወስዳቸዋል። ቤታቸውንም ይለቃሉ። ስለዚህ አትራሪላቸው።»

እኔ ደግሞ አደራዬን ይዤ ገባሁ። ቤታቸው የሜንታ ከረሜላ ይሸታል። ከረሜላ ደግሞ ያን ጊዜ ለበዓል ካልሆነ የሚታይ ነገር አይደለም። ይኼኔ አልጋ ስር ደብቀው ብቻቸውን ይበላሉ ብዬ፣ እሳቸው ሽንት ቤት እስኪደርሱ ጠብቄ አልጋ ስር ገባሁ። ያገኘሁት የቀኝ እግር ጫማ ብቻ ነው፤ ሶሉ ገና አዲስ።

«እዚያ ምን ጠፋብሽ?» አሉ ከበሩ ላይ።

«ምንም።»

ከረሜላው እግራቸው ላይ የሚቀቡት ቅባት መሆኑን ያወቅሁት በጣቴ ነክቼ ከላስኩት በኋላ ነው። ምላሴ እስከ ማታ ነደደ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ሳስበው የማፍርበት ነገር አለ። ጠዋት ጓድ ፊሽካ በእኔ ላይ ያደረገውን ሁሉ ረፋዱ ላይ እትዬ ዘሃራ ላይ አደርገዋለሁ። ፊሽካ ስለሌለኝ በጣቴ አፏጫለሁ። አልጋው ፊት ለፊት ደረቴን ነፍቼ እቆማለሁ።

«አንድ! ሁለት! ከፍ! ይኼ አልተቆጠረም!»

«ኧረ ጉልበቴ ጮኸ እኮ!»

«ስሜት የለም! ድጋሚ! ከአንድ!»

«አንቺ ልጅ ምን በደልኩሽ?» ይላሉ እንባቸው መጥቶ። እሳቸውም አይተኙልኝም፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጉልበታቸው ስበው ከስሩ ትልቁን ጣታቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱና «ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ» ይሉኛል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው እግሩ እንደተጋደመ ነው። አንድ ቀን በሩን ከውስጥ ቀርቅረው «ተኝቻለሁ» አሉኝ። ሌላ ቀን እኔ ራሴ ሳልሄድ ቀርቼ ለእናቴ «ሃምሳውንም ሠሩ» አልኳት። ሁለታችንም ውሸታም ሆንን፤ ጉልበቱ ግን ውሸት አያውቅም፣ እንደ ግንድ ቀረ።

ሲሰግዱም አየኋቸው። ዱካ ላይ ተቀምጠው ጎንበስ ይላሉ እንጂ ግንባራቸው መሬት አይደርስም። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። «ስግደታቸውንም ያጭበረብራሉ!»

እናቴ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። «ግንባራቸው መሬት ከነካ አምስት ወሩ ነው» አለችኝ። «ሌላ ጊዜ እንዲህ ስትዪ እንዳልሰማ።»

ገባኝ ልል አልችልም። ግን ከዚያ በኋላ ሲሰግዱ በር ላይ ቆሜ አላይም።

የሰፈሩ ሰው ለእትዬ ዘሃራ መልካም ነበር፤ ከመጠን ያለፈ መልካም። ውሃቸውን አንዷ ትቀዳለች፣ ዳቧቸውን አንዷ ታመጣለች፣ ከቀበሌው ሱቅ የሚደርሳቸውን ስኳርና ሳሙና ሌላዋ ተሰልፋ ታወጣለች። ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ብድግ ሊሉ ሲሞክሩ ከየአቅጣጫው «አይነሱ! አይነሱ እትዬ!» ይባላል። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «ሰፈሩ አይነሱ ይለኛል፣ አንቺ ይነሱ ትይኛለሽ። እኔን የጠየቀኝ የለም» አሉ። ለእኔ ይሁን ለግድግዳው አላወቅሁም።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ዝናብ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ጓድ ፊሽካ «ግራ ዙር!» አለ፤ እኔ እንደተለመደው ዞርኩ፤ በቀኜ ቆማ ከነበረችው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተምን።

«አንቺ! ውጪ!» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አራት ነጥብ ላይ ነሽ።»

መፈክሩ ሲያልቅ አራት ልጆች በአራት ማዕዘን ተራርቀው ይቆማሉ፤ እነሱ ናቸው አራት ነጥቡ። ሌላው ሲዘል እነሱ አይዘሉም። ሌላው ሲዞር አይዞሩም። ሦስቱ ቀድመው ተመርጠዋል፦ ወፍራሙ ግርማ፣ ሳል የማይለቀው ከድር፣ ቆማ የምታንቀላፋው ሂሩት። አራተኛዋ እኔ ሆንኩ። ሜዳው ሙሉ ልጅ ሳቀብኝ።

እትዬ ዘሃራ ጋ ስገባ ከፀጉሬ ውሃ ይንጠባጠባል። አላፏጨሁም። ሄጄ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው? ዛሬ ቁጥር የለም?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነው የነገርኳቸው።

«ቆይ ቆይ» አሉ ወደ እኔ እየተጠጉ፣ «ይኼ አራት ነጥብ ሥራው ምንድን ነው?»

«መቆም።»

«መቆም ብቻ?»

«ብቻ።»

«እስኪያልቅ?»

«እስኪያልቅ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ከዚያ አልቻሉም፤ ለቀቁት። «ያ ረቢ! ወላሂ እኔም አራት ነጥብ ነኝ! አምስት ወር ሙሉ ተገትሬ!» እያሉ ይስቃሉ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ ሳላውቀው እኔም ሳቅሁ። አውሮፕላን አለፈ፤ ሁለታችንም እንደ ሰፈሩ ደንብ ሳቃችንን አቁመን ጠበቅን፣ ሲያልፍ ካቆምንበት ቀጠልን።

«በይ ያን የሚያደርጉትን አሳዪኝ» አሉኝ።

ወለሉ ላይ ቆሜ ሁሉንም አሳየኋቸው። ዓይናቸው የሰፊ ዓይን ነው፤ አንዴ አይተው ያውቁታል። መዞሩ ላይ ስደርስ ደረቅሁ።

«ግራና ቀኙን ተዪው» አሉ። «ሜዳው ላይ ስትቆሚ ግራሽ በኩል ምን አለ?»

አሰብኩ። «አውሮፕላን ማረፊያው።»

«በቀኝሽስ?»

«ገርጂ።»

«በቃ፤ ግራ ሲል ወደ አውሮፕላኑ ነሽ። ቀኝ ሲል ወደ ገርጂ። ሰው መሄጃውን ካወቀ ይዞራል።»

ሞከርኩት። አልጋቸውን አውሮፕላን ማረፊያ፣ በራቸውን ገርጂ አደረግነው። ሦስት ጊዜ ሳልሳሳት ጨረስኩ፤ ያለ ፊሽካ፣ ያለ ክርን። ላብ በላብ ሆኜ ሆዴ ግን ዝም ብሏል።

እንግዲህ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ «እርስዎስ የት መሄድ ነው የሚፈልጉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ደረጃው ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «የቀበሌው ሱቅ» አሉ። «ሰልፉ ላይ። ስኳሩን ሰው ያመጣልኛል፤ ወሬውን ግን ሰው አያመጣልኝም። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወለደ የምሰማው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ደግሞ ያለ እኔ እኮ ሰልፉ ተበላሽቷል፤ እየተጋፉ ነው አሉ።»

በማግስቱ ከልምምድ መልስ የቀኝ ጫማቸውን ከአልጋው ስር አወጣሁላቸው።

መጀመሪያ ቀን እስከ ግቢው በር ነው የደረስነው። ወገባቸውን ይዘው «ዛሬ በቃኝ» አሉ። ገና ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሆን ብዬ ዘጋሁት። ከመሬት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስነሱኝ። ከኪሳቸው ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አውጥተው አሰሩበትና እኔ በሩ ጥግ አስቀመጥኩት።

የዚያን ጊዜ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ሲረዝም ሰው ቀኑን ሙሉ አይቆምም፤ በእሱ ቦታ ድንጋይ፣ የተቀደደ ቅርጫት ወይም ባዶ ጣሳ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንጋይህ እዚያ እስካለ ድረስ አንተም እዚያ ነህ። የሰው ድንጋይ መንካት ነውር ነው። «ነገ ከዚህ እቀጥላለሁ» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ «ቦታዬን ይዣለሁ።»

በማግስቱ ድንጋዩ እስከ ጎረቤት አጥር ሄደ። ከዚያ እስከ ውሃ ቦኖው። አንድ ቀን ዝናብ ነበርና ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የገፋው፤ እሳቸው ግን ለሦስት እርምጃም ቢሆን ድንጋዩን አስነስተው በደንብ እንዲቀመጥ አደረጉ። በሳምንቱ ከባህር ዛፎቹ ስር፣ መኪና መንገዱ ዳር ደረሰ።

በነጋታው ስንመጣ ሰው ተሰብስቧል።

ከእትዬ ዘሃራ ድንጋይ ኋላ አንድ ሌላ ድንጋይ፣ ከሱ ኋላ ቅርጫት፣ ከሱ ኋላ የዘይት ቆርቆሮ፣ አንድ አሮጌ ቡትስ ጫማ፣ ብቻ እስከ ቦኖው ድረስ ተደርድሯል። ሴቶቹ ጠርሙስና ዘንቢል ይዘው ይጠብቃሉ።

«መጡ! ባለ መጀመሪያዋ መጡ!» አለች አንዷ። «እትዬ ዘሃራ፣ ዘይት ነው አይደል?»

«ምን ዘይት? ሳሙና ነው! ትናንት እዚህ ጋ መኪና ቆሞ ነበር።»

«ዝም በሉ እናንተ! እሳቸው ስፌት ቤት ናቸው፤ አቡጀዴ ነው የሚታደለው።»

እትዬ ዘሃራ ክንዴን ጨበጡ። «ጥሩዬ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «ጉድ አፈላን።»

ሳይጨርሱ ጋሽ ወርቁ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከታች መጣ። «ማነው ያለ ፈቃድ ሰልፍ የጠራው? ይኼ ሕዝብ ማወናበድ ነው! ይኼ...»

አውሮፕላን መጣ። ጋሽ ወርቁም የሰፈራችን ሰው ነውና ጣቱን እንደቀሰረ፣ አፉን እንደከፈተ ቆመ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም አውሮፕላን አላውቅም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ክስ ቀልድ አልነበረም፤ ሰው ታስሮበታል። አንዷ ሴት ቅርጫቷን በእግሯ ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ስትስብ አየሁ።

«...አሻጥር ነው!» ብሎ ጨረሰ ጋሽ ወርቁ።

«ድንጋዩ የኔ ነው ወርቁ» አሉ እትዬ ዘሃራ። «የሚታደል ነገር የለም። ትናንት ከቤቴ እስከዚህ ሄጄ ደከመኝ። ዛሬ ከዚሁ እንድቀጥል ቦታዬን ይዤ ነው የገባሁት።»

«ቦታ? እዚህ መንገድ ላይ ከማን ጋር ተጋፍተው ነው ቦታ የሚይዙት?»

«ከአልጋዬ ጋር።»

ጠርሙስ የያዘችው ሴት ቀድማ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። «እኔ ገና ሳይነጋ ነው የመጣሁት!» ብላ የተቆጣች ነበረች፤ እሷም ስትቆጣ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ወርቁ አልሳቀም፤ ጢሙን ግን በእጁ ሸፈነ።

«ዛሬ እስከ የት ነው?» አለ።

«እስከ ድልድዩ፣ ኢንሻአላህ።»

«ይሂዱ እንግዲህ። ልየው።»

ሄዱ። ምርኩዛቸው ጭቃውን ይወጋል፣ ድንጋዩን እኔ ይዣለሁ። ሴቶቹም ሱቁ ሊከፈት ስለነበር ወደዚያው ተነሱ። ታዲያ ምናልባት የሚታደል ነገር ቢኖርስ ብለው ይሁን ከልማድ፣ ቅደም ተከተላቸውን አልለቀቁም! «አትቅደሚኝ፣ እኔ ከቆርቆሮው ኋላ ነኝ» እየተባባሉ፣ እትዬ ዘሃራን ተከትለው በአንድ ረድፍ ይጓዛሉ። ከኋላ ጋሽ ወርቁ ከነጠመንጃው። የመንግሥት እንግዳ የመጣ ይመስላል።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እትዬ ዘሃራ ቆሙ። ሱቁ ከዚያ ይታያል።

«ይጨርሱት እንጂ! ትንሽ እኮ ናት የቀረችው!» አሏቸው።

«በርቱ እትዬ፣ እንደግፍዎታለን!»

እኔም በልቤ በርቱ እያልኩ ነበር። እሳቸው ላባቸውን ጠርገው፣ «ድልድዩ ብያለሁ፤ ድልድዩ ነው» አሉ። ድንጋዩን ተቀብለውኝ ራሳቸው አጎንብሰው አስቀመጡት። ሲያጎነብሱ ቀኝ ጉልበታቸው ታጠፈ። ከእኔ በቀር ያየ የለም። አልቆጠርኩትም።

በነጋታው ቀበሌው ሱቅ ደረሱ። ድንጋያቸውን በእውነተኛው ሰልፍ ላይ አስቀመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሬ ሰሙ። የሰማሁት ወሬ ለልጅ ጆሮ የሚሆን አልነበረም። ስለ አንዲት የወለደች ሴት ሲጨቃጨቁ እትዬ ዘሃራ ሳያስቡት እግራቸውን ያጥፋሉ ይዘረጋሉ፣ ያጥፋሉ ይዘረጋሉ። ማታ እናቴ «ስንት ሠሩ?» ስትለኝ «እኔ እንጃ» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ በበራቸው የሚያልፍ ሰው «አይነሱ» ማለቱን ትቶ «ዛሬ እስከ የት ነው?» ይላቸው ጀመር። እሳቸውም አንዳንድ ቀን «ዛሬ የትም» ይላሉ። ማንም አይከራከራቸውም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት ሳልጣራ ገባሁ። ዱካው ግድግዳ ተጠግቷል፤ እሳቸው ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገው አልነሳም አሉ። በጣም ቆዩ። የወደቁ መስሎኝ «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። ስግደታቸውን ጨርሰው ዞር አሉ፤ ፊታቸው ርሷል። «አንቺ ልጅ፣ እዚህም መጥተሽ ልትቆጥሪ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ጎትተው ግንባሬን ሳሙኝ።

እኔም ሜዳው ላይ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ለጓድ ፊሽካ መዞር ተምሬያለሁ ብዬ ነግሬው፣ አሳይቼው፣ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ግን የዮ እግር ተይዟል። አራት ነጥብም ያስፈልጋል» አለኝ። ቀረሁ። አራት ነጥቡን ግን ማንም ልብ ብሎ አያየውም፤ ይህ ትልቅ ዕድል እንደሆነ የገባን ቀስ ብሎ ነው። ሌሎቹ ከአንድ ሲጀምሩ እኛ አራታችን ከመድረኩ ኋላ ሄደን በራሳችን እንሠራዋለን፦ ወደ አውሮፕላኑ፣ ወደ ገርጂ፣ ዝለል፣ ታጠፍ። ከድር ሲያስለው እንጠብቀዋለን። ግርማ እንደሱ የሚዘል አልነበረም፤ ሲያርፍ ሁላችንም ጭቃ እንለብሳለን። ሂሩት አታንቀላፋም። ማንም ስሜት የለም አላለንም። የሆድ ሕመሙ መቼ እንደተወኝ አላውቅም፤ አንድ ጠዋት ቀድሜያቸው ሜዳ ደርሼ ስጠብቃቸው ራሴን አገኘሁት።

የበዓሉ ዕለት አራት ነጥብ ሆነን ቆምን። ጥሩ ቆምን።

ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ወደ ስፌት ቤቱ ሄድኩ። እናቴ ልትመጣ ፈልጋ ነበር፤ እሳቸው «ጥሩነሽ ትበቃኛለች» አሉ። ደረጃው ሲሚንቶ ነው፣ መደገፊያ የለውም፣ ሃያ አራት። አናቱ ላይ አለቃቸው ወይዘሮ አስካለ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ከኋላዋ ሰፊዎቹ በር ላይ ተጠጋግተው ያያሉ።

ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዘው ጀመሩ። ግራ፣ ቀኝ፤ ግራ፣ ቀኝ። እኔ ሁለት ደረጃ ከኋላ ነኝ። አፌ ውስጥ ቁጥሩ ሞልቷል፤ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። መሃል ላይ ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በቀሚሳቸው ላይ ይታያል።

«ጥሩዬ፣ ስንተኛው ላይ ነኝ?» አሉ ሳይዞሩ።

«አልቆጠርኩም» አልኳቸው። ዋሸሁ። አስራ አንደኛው ላይ ነበሩ።

«ጎሽ» አሉና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

ከላይ ጉርምርምታ ተሰማ። «እትዬ ዘሃራ» አለች ወይዘሮ አስካለ ሦስት ደረጃ ወርዳ፣ «እንያዝዎት?»

«ተቀምጬ ነው አስካለ። እነሳለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ባለችበት ቆመች። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ መንገዱ አዩ። ለእኔ ዓመት ነው የቆየው። ከዚያ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ፤ ቀኝ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ ያዘ፣ ተነሱ። የቀረውን አንድም ጊዜ ሳይቆሙ ወጡት።

ወደ ውስጥ አልተከተልኳቸውም። በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ወንበር ተጎተተ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ የስፌት መኪናው ፔዳል አንዴ ጠቅ አለ፣ ቆመ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነስቶ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ሄደና የሌሎቹ ድምፅ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ፤ ቀድሞ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ሆነ።

ወይዘሮ አስካለ ብቅ ብላ «አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ እሳቸው ማታ ነው የሚወጡት» አለችኝ።

ወረድኩ። ታች ስደርስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዞሬ ወደ ላይ ሮጥኩ። ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ነው የወጣሁት። አናቱ ላይ ልቤ ይመታል፣ ጆሮዬ ይነድዳል፤ ደስ አለኝ። ወረድኩና እንደገና ወጣሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስደርስ አንዲት ሰፊ ክር አፏ ውስጥ እንደያዘች ብቅ አለች።

«አንቺ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ደረጃ እየወጣሁ ነው» አልኳትና እየሮጥኩ ወረድኩ።